አዲስ ድምፅ የመጀመሪያ ገዢ ይፈልጋል

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴን ልጠይቅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ስሄድ፣ የኃይሉ መርጊያን የ1985 አልበም ከዳር እስከ ዳር አደመጥሁ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አኮርዲዮኑ የቆየ ዜማ ያነሣል፤ ከሥሩ የከበሮ ማሽን ምቱን ሳያዛንፍ ይመታል፤ ሲንተሳይዘሩ በሁለቱ መካከል ይንሳፈፋል። አክስቴ ቤት እንደ ደረስሁ ለእርሷም አሰማኋት። ጥቂት አዳምጣ፣ «ይኼ የሠርግ ቪዲዮ ሙዚቃ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ፍርዷ አላስቀየመኝም፤ ሙያዬን ግን ቀሰቀሰብኝ። አንድ ሥራ በገዛ ወገኖቹ ዘንድ ማጀቢያ፣ በሌሎች ዘንድ ግን ብርቅ ግኝት የሚሆነው እንዴት ነው?

ኃይሉ በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲመጣ፣ እርሱና አንዳንድ ባልደረቦቹ እዚሁ ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና የከበሮ ማሽን ብቻውን እየደራረበ ቀረጸ። ካሴቱ አገር ቤት ገባ። ሙዚቀኛው ግን ውሎ አድሮ መድረኩን ትቶ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሾፌር ሆነ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አነስተኛ አሳታሚ ድርጅቱ ዳግም አወጣው። ኃይሉም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አሳተመ።

በእነዚያ 28 ዓመታት ሥራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አድማጩ ነው። እዚሁ በመካከላችን የተቀረጸ ሙዚቃ ወደ እኛ ለመመለስ ባሕር ዳር ደርሶ፣ የባዕድ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ መምጣት ነበረበት። ይህን «ቅርሳችንን ወሰዱብን» ብሎ ማማረር ቀላል ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል በመካፈል ይታወቃል። ሊያሳስበን የሚገባው እርሱ ለምን እንደ ገዛ ሳይሆን፣ እኛ ለምን እንዳልገዛን ነው።

ገንዘብ አጥተን አይደለም። ለሠርግ እንከፍላለን፤ ለታዋቂ ዘፋኝ ኮንሰርት እንከፍላለን፤ ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሚካሄደው የስፖርትና የባህል ፌስቲቫል ሰሞን ለሚዘጋጁት ምሽቶች ከሌላ ግዛት ድረስ ተጉዘን እንከፍላለን። በእነዚህ ሁሉ የምንገዛው ትዝታን ነው። ትዝታ ደግሞ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ፣ ለገዢውም ሥጋት የሌለበት ሸቀጥ ነው። የሙከራ ሥራ ከዚህ ይለያል፤ ሳይደመጥ ዋጋው አይታወቅም። ቀድሞ የሚገዛው ሰው ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል፤ ከፍርዱ የሚገኘውን ጥቅም ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ በነፃ ይካፈሉታል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ሌላው እስኪቀድም እንጠብቃለን፤ ሙዚቀኛውም እንጀራ አለበትና ወደ ሠርግ ቤት ይመለሳል። የአክስቴ ፍርድ የዚህ ገበያ ውጤት ነው። ያንን ድምፅ ለዓመታት ከሠርግ ምስል ሥር አስገብተን በነፃ ሰምተነዋል፤ በነፃ የሰማነውንም ዋጋ የለውም አልን።

ታሪኩ በካሴት ዘመን አላበቃም። በዚሁ በዋሽንግተን የተቋቋመው 1432 አር የተባለ ነፃ አሳታሚ በ2014 የሚካኤል ሰይፉን «ያራዳ ልጅ» አወጣ፤ የአገራችንን ድምፆች በኤሌክትሮኒክ ምት የሚያዋሕድ የአዲስ አበባ ወጣት ሥራ ነው። እኔም ራሴ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ከባዕድ ጋዜጣ አንብቤ ነው። ወቀሳው እኔንም ይነካል።

«አገር በጦርነትና በመፈናቀል ስትታመስ ለእንዲህ ያለ ሙዚቃ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን የምለው ለተፈናቃይ ከምንሰጠው ይቀነስ አይደለም፤ ለመዝናኛ ከምናወጣው ጥቂቱ ይዛወር ነው። ጥቂት ገንዘብ ማሰባሰብንም እናውቅበታለን፤ በ2018 የተመሠረተው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ መነሻው በቀን 1 ዶላር ነበር።

ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በዓመት የአንድ ኮንሰርት መግቢያ ያህል ሰምተነው ለማናውቀው አልበም እንመድብ፤ በስትሪሚንግ ከማዳመጥም በቀጥታ እንግዛ። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው ድርሻ በመደበኛው 15 በመቶ ነው፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው ለባለ ሥራው ወይም ለአሳታሚው ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ዓመታዊ ምሽት የሚያዘጋጁ ማኅበሮቻችን በየዓመቱ አንድ አዲስ ሥራ ያሠሩ፤ ክፍያው አስቀድሞ ይሰጥ፤ መብቱ በጽሑፍ ውል ለሙዚቀኛው ይቅር። ሦስተኛ፣ በየቤቱ የተቀመጡት ካሴቶች ሳይበላሹ ወደ ዲጂታል ይገልበጡ፤ ለሕዝብ የሚለቀቁት ግን በባለቤቶቹ ፈቃድ ይሁን። በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ይህን መብት ያውቃል፤ ለሙዚቃው ያለን ፍቅር የፈቃድን ቦታ አይተካም።

አክስቴ ዘንድ ሙዚቃውን ላቆም እጄን ስዘረጋ፣ «ቆይ፣ አታጥፊው» አለችኝ። ስለ ታክሲው ነገርኋት፤ ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስወጣ ከቁም ሣጥኗ ካሴት የሞላበት የጫማ ካርቶን አውጥታ አስታቀፈችኝ። ግማሾቹ የማን እንደ ሆኑ እንኳ አልተጻፈባቸውም። በሚመጣው ቅዳሜ ማጫወቻ ፈልጌ እመለሳለሁ፤ አብረን እናዳምጣቸዋለን፤ የማን እንደ ሆኑም እንጠይቃለን።