ብሩ ከአካውንት ወጥቷል፣ ኮሌጁ ግን «አልከፈልሽም» ይላል

የምዝገባ ሰሞን በደረሰ ቁጥር ኢንቦክሳችን ውስጥ የሚገባው መልእክት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ከፍያለሁ፣ ብሩ ተቀንሷል፣ ኮሌጁ ግን አልከፈልሽም እያለኝ ነው፤ ምን ላድርግ?» ከሥሩ የደረሰኝ ፎቶ ይከተላል።

የአንዷን እንንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። የክፍያው የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 5 ነበር። አባቷ ደሞዝ ስለዘገየባቸው ብሩን ያገኙት በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ከራሳቸው ባንክ ወደ ኮሌጁ ባንክ በሞባይል ላኩ። ብሩ ተቀነሰ፣ ቴክስት ገባ፣ ቤቱም በሰላም ተኛ። በማግስቱ ፋይናንስ ቢሮ ስትሄድ «አልገባም» ተባለች። በሦስተኛው ቀንም አልገባም። ጥቅምት 9 ላይ ገባ፤ ሲስተሙ ላይ የሰፈረው ግን ብሩ የተላከበት ሳይሆን የገባበት ቀን ስለሆነ 500 ብር ቅጣት ተጨመረባት። በመሃል ስሟ ከከፈሉት ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ አንድ ፈተና አመለጣት። ቅጣቱን አባቷ ከፈሉ። ስለ ፈተናው የተነገራት «ከመምህሩ ጋር ተነጋገሪ» የሚል ብቻ ነው።

ማነው ጥፋተኛው? አባትየው በቀኑ ከፍለዋል። ለኮሌጁ በቀኑ አልደረሰውም። ሁለቱም እውነት ነው! «ተከፈለ» የሚለው ቃል ለላኪ አንድ ነገር ነው፣ ለተቀባይ ሌላ ነገር። በሁለቱ መካከል ያሉትን ቀናት ግን ባንኩም ኮሌጁም አይሸከሙም፤ የሚሸከማቸው ተማሪው ነው።

ብሩ የት ነው የሚቆየው?

ስልክ ላይ አንዴ ነክተን የምንጨርሰው ነገር ከጀርባው ሦስት እጅ ያልፋል። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ስትልኩ መጀመሪያ የእናንተ ባንክ ከአካውንታችሁ ይቀንሳል። መልእክቱ ከዚያ ባንኮች በጋራ በያዙት በኢትስዊች በኩል ያልፋል። በመጨረሻ ተቀባዩ ባንክ ብሩን ይጨምርና «ደርሶኛል» ብሎ መልስ ይልካል። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ሁሉ በሰከንዶች ያልቃል። ያቺ የመጨረሻዋ መልስ ኔትወርክ ላይ ከጠፋች ግን የላኪው ባንክ ብሩ ይድረስ አይድረስ ማወቅ አይችልም፣ ስለዚህ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ሂሳቡ እስኪታረቅ ወይ ወደፊት አይሄድ፣ ወይ ወደ ኋላ አይመለስ። እሁድ ወይም በዓል መሃል ከገባ ደግሞ ቀኑ ይረዝማል።

ሁለተኛው መቆያ ኮሌጁ ራሱ ነው። እንዲያውም ከሚደርሱን ቅሬታዎች የሚበዙት ብሩ ባንክ ውስጥ የቀረባቸው አይደሉም። ብሩ ኮሌጁ አካውንት ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ የማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ከአባት አካውንት ከተላከ ስቴትመንቱ ላይ የሚታየው የአባት ስም ነው። ከአጎት ከሆነ የአጎት። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ «ክፍያ» ተብሎ ተጽፏል፣ አንዳንዴ ምንም አልተጻፈም። በዚያው ቀን እኩል ብር የላከ ስንት ተማሪ አለ! ፋይናንስ ያለችው ሠራተኛ ስቴትመንቱን አስወጥታ በእስክሪብቶ እያሰመረች ስም በስም ትፈልጋለች። ከዚያ ለሬጅስትራር ታሳውቃለች። ሬጅስትራር ደግሞ «ፋይናንስ አላሳወቀንም» ይላል። ይሄን መንገድ በእግሩ ያልተመላለሰ የግል ኮሌጅ ተማሪ ካለ ዕድለኛ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማታና የቅዳሜ እሁድ የምትማሩም ይሄ ታሪክ አዲስ አይሆንባችሁም። በመደበኛው ፕሮግራም የወጪ መጋራት ፈርሞ የገባው ከተመረቀ በኋላ ነው የሚከፍለው፤ እናንተ ግን በየምዝገባው ነው።

እንደ ቴሌብር ባሉ መተግበሪያዎች ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ በሚለው በኩል የተማሪ መለያ ቁጥር አስገብቶ መክፈል ሲቻል ይሄ ጣጣ በጣም ይቀንሳል፤ ክፍያው ከመነሻው የማን እንደሆነ ይታወቃልና። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ዓመታት አልፈውም በአካውንት ቁጥር ብቻ አስልኮ «ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ» የሚል ኮሌጅ አሁንም አለ። ክፍያው ዲጂታል ሆኖ ወረፋው የድሮው ነው።

የኮሌጆቹ ወገን

ለኮሌጆቹም እንፍረድ። «ስክሪንሾት አንቀበልም» የሚሉት ተማሪ ለማንገላታት ብቻ አይደለም። ሐሰተኛ ደረሰኝ በሽ ነው፤ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የላኪውን ስምና የብሩን መጠን በስልክ ኤዲት አድርጎ ማሳየት የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ደግሞ ኮሌጁ ራሱ የመምህራን ደሞዝ የሚከፍለው ከዚሁ ብር ነው፣ ሆን ብሎ የሚያዘገየውንም ተማሪ በቅጣት ካልያዘው ማንም በቀኑ አይከፍልም። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን።

የማንስማማው ቀጥሎ ባለው ነው። ስክሪንሾት ሊቀየር ይችላል፣ የግብይት ቁጥሩን ግን ባንክ ማጣራት ይችላል። የንግድ ባንክ ደረሰኝ «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለው፤ ቴሌብርም ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ብሩ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ከላኪው እንደወጣ በዚያ ቁጥር ይታወቃል። ስለዚህ ኮሌጁ ብሩ እስኪገባ መጠበቅ መብቱ ነው፤ ከገባና ከተረጋገጠ በኋላ ግን ቅጣቱን ከተላከበት ቀን እንዳይቆጥር የሚከለክለው ምንም ነገር የለም። አንድ መስመር ማስታወቂያ ይበቃዋል፦ «የክፍያ ቀን የሚባለው ብሩ ከላኪው አካውንት የወጣበት ቀን ነው።» የግል ኮሌጆችን የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ይህን ለሁሉም ቢያስተላልፍ የሚያስወጣው ወጪ የለም።

ባንኮች ሲፈልጉ ምን ያህል ፈጣን እንደሆኑ ደግሞ አይተናል። ከመጋቢት 6 ለ7፣ 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ሰዎች አካውንታቸው ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ በቀናት ውስጥ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገረ፣ ማን ስንት እንደወሰደ ለየ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እስከ ማውጣት ደረሰ። ብሩ የእነሱ አልነበረም፣ መመለሳቸው ልክ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በቀናት ውስጥ ከተለየ፣ የአንዲት ተማሪ ክፍያ የት እንደቆመ ለማወቅ «ይጣራል፣ ጠብቂ» የሚባልበት ምክንያት አይገባንም። የተበላሸው የባንኩ ብር ሲሆን አስቸኳይ ነው፣ የእኛ ሲሆን ማመልከቻ ጻፉ ነው።

እስከዚያው ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ብሩ ተቀንሶ «አልገባም» ከተባላችሁ ደግማችሁ አትላኩ። ደንግጠው ሁለቴ የከፈሉ ልጆች ጽፈውልናል፤ ትርፉን ከኮሌጅ ማስመለስ ከመጀመሪያው ችግር የባሰ ነው። አስቀድማችሁ የላካችሁበትን ባንክ ጠይቁ፤ ስቴትመንቱ ላይ ብሩ ተመልሶ እንደሆነም እዩ። ቅሬታውን በቃል ብቻ አትተዉት፣ በጽሑፍ አስገቡና የቅሬታ ቁጥር ወይም የተፈረመበት ቅጂ ያዙ። በብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ መሠረት ባንኮች ቅሬታ ተቀብለው የማስተናገድ ግዴታ አለባቸው፤ በመልሳቸው ካልረካችሁ ወደ ብሔራዊ ባንኩ መሄድ ትችላላችሁ።

ለኮሌጁም በዚያው ቀን ጻፉ። ቀኑ ሳያልፍ «ይህን ያህል ብር፣ በዚህ የግብይት ቁጥር፣ በእገሌ ስም ልኬአለሁ» ብሎ ያሳወቀና ከሳምንት በኋላ ደረሰኝ ይዞ የመጣ እኩል አይታዩም። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡት፤ የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 5 ሆኖ ደረሰኙ ላይ 15/10 ሲል፣ 3 ሰዓቱ ደግሞ 21:00 ተብሎ ሲመጣ፣ «አስር ቀን አሳልፈሃል» የተባለ ልጅ አለ። ሳቅን፣ ግን እሱ አልሳቀም።

የምትልኩት በሰው ስልክ ከሆነ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የራሳችሁን ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር አስጽፉ። ውጭ አገር ያለች እህት ስትልክላችሁ ደግሞ ከተቻለ ብሩ መጀመሪያ እናንተ ጋ ገብቶ ከራሳችሁ አካውንት ይውጣ። ዳታ በማይሠራበት አካባቢ ላላችሁ ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የግብይት ቁጥሩ የሚመጣበትን ቴክስት እንዳታጠፉ።

ያቺ የአካውንቲንግ ተማሪ የግብይት ቁጥሩን ይዛ ለዲኑ አመልክታለች፤ «ብሩ የወጣው ጥቅምት 5 ነው፣ ቅጣቱ ይመለስልኝ» ብላ። እስካሁን መልስ አላገኘችም። ቅጣት የተመለሰለት ተማሪ በመካከላችሁ ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልን፣ እንዴት እንዳደረገው ለሌሎችም እናካፍላለን። እስከዛሬ የደረሰን አንድም የለም።