የኮምፒዩተር ጓዝን ስለ መሸከም

ባለፈው ዓመት የክረምት ዕረፍታችንን ጨርሰን ስንመለስ፣ የትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ እንደ ገና ተጭኖባቸው ቆዩኝ። ብዙ ወር የደከምሁበት የፕሮግራም መጻፊያዬ ቅንብርና አጫጭር ትእዛዞቼ እንዳልነበሩ ሆነዋል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ማሽኖቹ የሁላችን ናቸውና መጽዳት ነበረባቸው። ጥፋቱ ጓዜን በሰው ቤት ጥዬ የሄድሁት የእኔው ነው።

ጓዝ ያልሁት ምን እንደሆነ ላስረዳ። ብዙ ፕሮግራሞች የተጠቃሚውን ምርጫ የሚያኖሩት ስማቸው በነጥብ በሚጀምር ትንንሽ የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ነው። በሊኑክስና በማክ እነዚህ ፋይሎች ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። የመሰወራቸውም ምክንያት ያስቃል፤ ከዩኒክስ ባለሙያዎች አንዱ የሆኑት ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ ጻፉት፣ ጥንት ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ የሠራው ሰው ሊሰውር የፈለገው «ነጥብ» እና «ሁለት ነጥብ» የተባሉትን ሁለት ስሞች ብቻ ሲሆን፣ ሥራውን ለማሳጠር ሲል በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ሰወረ። የማይታየውንም ዕቃ እኔ ረሳሁት።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ባለ ነጥብ ፋይሎቹን የሚያስተዳድርለት መሣሪያ መጫን አለበት እላለሁ። እኔ የመረጥሁት ሼዝሙዋ የሚባለውን ነው፤ ስሙ በፈረንሳይኛ «እኔ ቤት» ማለት ነው። ፋይሎቹን እንደ ጊትሀብ ባለ ቦታ ካኖርንለት፣ ማሽኑ ቢጸዳ እንኳ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ወደ ቦታቸው ይመልሳል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ስቶው የተባለውን ያወድሳሉ። ስቶው በዕድሜ አንጋፋ ነው፤ በኡቡንቱም ላይ በቀላሉ ይገባል። ነገር ግን በፐርል ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ዊንዶውስ ላይ ያስቸግራል። እኔ ደግሞ በትምህርት ቤት ዊንዶውስ፣ በቤት ኡቡንቱ ያለበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ አልፎ አልፎም የእኅቴን ማክ እጠቀማለሁ። ሼዝሙዋ አንድ ራሱን የቻለ ፋይል ነውና ከሦስቱም ጋር ይስማማል። በማክ በሆምብሩ፣ በኡቡንቱ በስናፕ («ክላሲክ» የሚለውን ቃል መጨመር አይዘንጋ)፣ በዊንዶውስ በዊንጌት አማካይነት ይጫናል፤ እያንዳንዱም የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ክርክሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሼዝሙዋ መመሪያ ሌላ አቋራጭም ያሳያል፤ ይኸውም የመጫኛውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት አምጥቶ፣ ለእኛ ሳያሳይ፣ ወዲያው እንዲፈጸም የሚያደርግ አንድ መስመር ነው። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ፕሮግራሙንም ባለህበት ፎልደር ሥር «ቢን» በሚባል ፎልደር ያስቀምጠዋል። የክፍል ጓደኞቼ የሚወዱት ይህንን ነው። በሼዝሙዋ ሠሪዎች ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ የምፈራው ልማዱን ነው። ዛሬ ከታመነ ቦታ የመጣውን መስመር ሳያነብ የለጠፈ ተማሪ፣ ነገ ከማያውቀው ገጽ የመጣውንም ይለጥፋል። አቋራጩ የግድ ከሆነ፣ ጽሑፉን አስቀድሞ አውርዶ፣ ከፍቶና አንብቦ፣ ከዚያ ማስነሣት ቢበዛ አንድ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ ቢወስድ ነው።

«ፍላሽ ምን አነሰው?» የሚለኝም አለ። ፍላሽ ፋይሉን ይሸከማል እንጂ የት እንደሚገባ አያውቅም። የጊት ቅንብር በሦስቱም ላይ በተጠቃሚው ዋና ፎልደር ሲቀመጥ፣ በዊንዶውስ የፓወርሼል ቅንብር ግን ዶክመንትስ ውስጥ ነው። ሼዝሙዋ «ዊንዶውስ ከሆነ ይህን፣ ማክ ከሆነ ያንን ጻፍ» ብሎ በአንድ ፋይል ለማዘዝ ያስችላል፤ የቀድሞውንም ጽሑፍ በጊት መዝግቦ ያቆያል። በፍላሻችን የሚዛመተውን ቫይረስ አላነሣም። የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ግን ለሁሉ ክፍት በሆነ ቦታ ከሌሎቹ ፋይሎች ጋር እንዳይሄዱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በኮምፒዩተር ክፍላችን ተማሪ በራሱ ፈቃድ ፕሮግራም መጫን አይችልም፤ ደንቡም ትክክል ነው። ስለዚህ ሼዝሙዋ በማሽኖቹ ሁሉ ላይ በዊንጌት እንዲጫንልን ለመምህራችን ማመልከቻ ጽፌ፣ አሥራ አንድ ጓደኞቼም ፈርመውበታል። ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ መልሱ አልደረሰንም።