ቦሌ ደረስሽ እንበል፣ ከዚያስ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ዓለሙን ሲዘጋጋው ሰው አገር ላይ ብትሆኑ ኖሮ ምን ትመርጡ ነበር? ባላችሁበት መክረም ወይስ አገር ቤት መግባት? ቶሎ አትመልሱልኝ። አብዛኞቻችን ‹‹ምን ጥያቄ አለው፣ አገሬ ነዋ!›› ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ደረት መንፋት በነጻ ነው። (የአውሮፕላን ትኬት ግን በነጻ አይደለም፤ እሱ ላይ እንመጣለን።)

ይህን ዛሬ የማነሳው ያኔ የሆነውን ሁሉ ከማስኩ ጋር አብረን የጣልነው ስለመሰለኝ ነው። ስለዚያ ጊዜ ስናወራ ትዝ የሚለን በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን፣ የታክሲው እጥፍ ታሪፍ፣ የክርን ሰላምታው ምናምን ነው። በየአገሩ ስለቀሩት ወገኖቻችን ካነሳንም ‹‹ቆይ ኤምባሲው ምን ይሠራል?›› እንልና ትንሽ ተሳድበን እንተወዋለን። እኔ ግን ነገሩ የኤምባሲ ብቻ አይደለም፣ የሆስፒታልም ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

ከዉሃን እንጀምር። ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም ከተማዋ ስትዘጋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እዚያ ነበሩ። አሜሪካ፣ ጃፓንና ፈረንሳይ አውሮፕላን ልከው ዜጎቻቸውን አወጡ። ከአፍሪካም ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ግብፅ አወጡ፤ ቆየት ብላ ደቡብ አፍሪካም አወጣች። የእኛዎቹ እዚያው ቀሩ። አውሮፕላን አጥተን ነው እንዳንል አየር መንገዳችን ወደ ሌሎች የቻይና ከተሞች መብረሩን አላቋረጠም፤ እንዲያውም ‹‹ለምን አያቆምም?›› እየተባለ ከየአቅጣጫው ይወቀስ ነበር። ታዲያ ምን አጣን? በዚያ ሰሞን ቫይረሱን አገር ውስጥ መመርመር አይቻልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና የተላከው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ መመርመር የጀመረው ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። እስቲ አስቡት፣ ናሙናው ተሳፍሮ ሲሄድ ተማሪው ዶርሙ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ተማሪዎቹን አለማምጣት ፍጹም ስህተት ነበር እያልኩ አይደለም። አምጥቶ የት ያስቀምጣቸዋል? መመርመሪያ የሌለው አገር ያን ያህል ሰው ቢያወርድ ከመፍራት ሌላ ምን ያደርጋል? በእርግጥ በዚያ ሰሞን በአህጉሩ መመርመር ይችላሉ የተባሉት ደቡብ አፍሪካና ሴኔጋል ብቻ ነበሩ፤ የእኛ ብቻ ጉድ አልነበረም። ግን ‹‹የአፍሪካ በር ነን›› እያልን የምንፎክረው እኛው ነን። በር ነኝ ያለ ዘበኛ መቅጠር አለበት።

አሁን ወደ ቤይሩት። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆያለን።

የሊባኖስ ኢኮኖሚ መንኮታኮት የጀመረው ከኮሮና በፊት ነው። ከጥቅምት 2012 ዓ.ም ጀምሮ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ነበር፤ ባንኮች ዶላር ይይዙ ጀመር፤ ሊራው ቁልቁል ይወርዳል። ኮሮና ሲጨመርበት ማዳሞቹ ለቤት ሠራተኛ የሚከፍሉት ዶላር አጡ። መጋቢት ላይ አየር ማረፊያው ተዘጋ፤ እስከ ሰኔ መገባደጃ አልተከፈተም። የሰኔውን ምስል መቼም አትረሱትም። አሠሪዎች ሴቶቹን በመኪና እያመጡ ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ከነሻንጣቸው አራግፈው ይሄዱ ነበር። የወራት ደመወዝ ያልተከፈላቸው ነበሩ። ፓስፖርታቸው ማዳም መሳቢያ ውስጥ የቀረባቸውም ነበሩ። ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ይኸው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ የታሰረው ከአሠሪሽ ጋር ስለሆነ እሷ ስትጥልሽ ሕገወጥ የምትባዪው አንቺ ነሽ። መመለስ የፈለጉት ደግሞ የትኬቱንም የለይቶ ማቆያውንም ወጪ እንዲችሉ ተጠየቁ። ደመወዟን የተነጠቀች ሴት! ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ ፈነዳ።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የሠፈራችን ልጅ ናት። ስሟን አልጽፍም። እናቷ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ያደርጉ ነበር። የመንግሥቱ ወረፋ አልደርስ ብሏቸው የሚታጠቡት በግል ነው። ብሩን የምትልከው ልጅቷ ናት። ማዳም ደመወዝ ስታቆም እዚህ አዲስ አበባ እጥበቱ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ። ይሄን ሂሳብ በየትኛው የበጀት ሰነድ ላይ ታገኙታላችሁ? አንዲት ልጅ ቤይሩት ውስጥ የሰው ወለል ትወለውላለች፣ በዚያ ብር አዲስ አበባ ውስጥ የአንዲት እናት ደም ይጣራል። የጤና ሥርዓታችን አንዱ ምሰሶ የቆመው ማዳም ቤት ነው ብል ተጋነነ ትሉኛላችሁ?

ኢሞ ላይ ደውዬ ‹‹እህት ዓለም፣ ለምን ተመዝግበሽ አትመጪም?›› አልኳት።

‹‹እኔ ከመጣሁ እማዬን ማን ያሳክምልኛል?›› አለችኝ።

ይህን የምትለው አምስት ሌሊት አስፋልት ዳር ያደረች ሰው ናት። እኛ ጋዜጠኞች (ዲግሪው ካለኝ አይቀር ልጠቀምበት) የተመላሾችን ዜና የምንጨርሰው ቦሌ ላይ ነው። ዕቅፍ፣ ለቅሶ፣ እልልታ፣ መሬት መሳም፣ አበቃ። ካሜራው ይታጠፋል። ለእሷ ግን የሚያስፈራው ዜናው ካለቀ በኋላ ያለው ክፍል ነበር።

እሺ፣ ቦሌ ደረስሽ እንበል። ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለ14 ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ገንዘብ ያለው በራሱ ወጪ ስካይላይት ወይም ግዮን ሆቴል ይገባል። የሌለው ዩኒቨርሲቲና ትምህርት ቤት ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ተማሪዎች ወደየቤታችን ስንሸኝ ግቢያችን ለይቶ ማቆያ ሆነ፤ እኔ ስተኛባት የነበረችው አልጋ ላይ ከሳዑዲ የተባረረች አንዲት እህት 14 ቀኗን ቆጥራለች ማለት ነው። (ፍራሹ ምን ያህል ምቹ እንደሆነ ስለማውቅ አዝኜላታለሁ።)

ሳዑዲ ዓረቢያ በዚያው ሰሞን፣ ወረርሽኙ ከጀመረ እስከ ሚያዝያ መግቢያ፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን ጭና ላከችብን። ያን ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ማባረሩ እንዲቆም ጠየቀ። ምክንያቱ ልብ ይበሉልኝ፤ ይህን ያህል ሰው በአንዴ ሲመጣ ወረርሽኙን ያባብሰዋል፣ አገሪቱም ለመቀበል ገና አልተዘጋጀችም የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ሲሰሙት ግን ያማል። ‹‹ቤታችሁ አይችላችሁምና ጥቂት ቆዩ›› ማለት እኮ ነው። የት ይቆዩ? በነሐሴ 2012 ዓ.ም ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት ከየመን ድንበር ተገፍተው የገቡ ኢትዮጵያውያን ጂዛን አካባቢ ባሉ ማጎሪያዎች በምን ዓይነት ቆሻሻና መጨናነቅ ውስጥ እንደተያዙ አንብበናል። የሚቆዩበት ቦታ እሱ ነበር።

የሚገርመው በዚያው መጋቢት ቦሌ ሥራ የበዛበት ቦታ ነበር። የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ ማስክና መመርመሪያ መጋቢት 13 ቀን አዲስ አበባ ገባና ለመላው አፍሪካ ከእኛ ተከፋፈለ። አየር መንገዱ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር እየነቀለ ዕቃ ጫነባቸው። ኮርቼበታለሁ፣ አሁንም እኮራለሁ፤ በዓለም ስንቱ አየር መንገድ እጁን ዘርግቶ የመንግሥት ድጎማ ሲለምን የእኛው ሠርቶ አደረ። ግን ለማስክ የተነቀለው ወንበር ላይ ቤይሩት ያሉት ሴቶች አይቀመጡም ነበር ወይ ብዬ መጠየቅም መብቴ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከኮሮና በፊት በዚህ አገር ከባድ በሽታ የያዘው ሰው ሁለት መንገድ ነበረው። ያለው ባንኮክ ወይም ሕንድ ይሄዳል። የሌለው የሕክምና ቦርድ ወረቀቱን ይዞ ፎቶውን መኪና ላይ ያስለጥፍና በድምፅ ማጉያ ‹‹ወገን ድረስልኝ›› ያስብላል። ያንን መኪና ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋው ሲደርስ በሽተኛው ላይኖር ይችላል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እንኳ ነሐሴ 2004 ዓ.ም ያረፉት ብራስልስ በሕክምና ላይ እያሉ ነው። ለሰውዬው ነፍስ ክፉ አልመኝም፤ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አገር የመራ ሰው በአገሩ ሆስፒታል አልታከመም ማለት ስለ ሆስፒታሉ የሚነግረን ነገር አለ።

ኮሮና ሲመጣ ያ በር ተዘጋ። ባንኮክ የለ፣ ዴልሂ የለ። ባለሥልጣኑም ባለሀብቱም ለመጀመሪያ ጊዜ መሄጃ አጡ፤ እዚሁ ገዛ አገራቸው ላይ ቀሩ። እንደ ቤይሩቷ ልጅ፣ ልዩነቱ እነሱ አልጋ ነበራቸው። ያኔ ታዲያ ምን ሆነ? ነገሮች ተንቀሳቀሱ! የካ ኮተቤ ለኮሮና ተለየ። ሚሊኒየም አዳራሽ በጥቂት ወራት ውስጥ ሆስፒታል ሆነ። መመርመሪያ ጣቢያዎች በየክልሉ ተከፈቱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች (በእውነት የዚህ አገር ትልቁ የጤና ሥራ የእነሱ ነው) ቤት ለቤት ዞሩ። ‹‹አቅም የለንም›› የሚለው ዘፈን ለጥቂት ወራት ቆመ።

ብዙም አልዘለቀም። በመጋቢት 2013 ዓ.ም ቫይረሱ ሲያገረሽ የአዲስ አበባ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሞልተው ኦክስጅን ፍለጋ ሰው በየሆስፒታሉ ሲዞር ነበር። በዚያው ወር ድንበር የለሽ ሐኪሞች ትግራይ ውስጥ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት በወጉ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ተናገረ። አንድ እጃችን አዳራሽን ሆስፒታል ሲያደርግ ሌላው ሆስፒታልን ፍርስራሽ ያደርግ ነበር። ከዚያ ሰማዩ ተከፈተ፣ ያለው ተሳፈረ፣ ባለ ድምፅ ማጉያዎቹ መኪኖች ወደ መንገዱ፣ ሚሊኒየም አዳራሽም ወደ ባዛሩና ኮንሰርቱ ተመለሱ።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ የእኛዎቹም አሉበት። የኅብረቱ መቀመጫ እኛው ከተማ ስለሆነ ቃሉን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ግን እስከዛሬ አልደረስንበትም። ለአሥር ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባለበት አገር፣ በኮሮና ጊዜ ‹‹ጀግኖቻችን›› ተብለው የተጨበጨበላቸው የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ አቆሙ። በርካቶቹም ታሰሩ። ጭብጨባ የቤት ኪራይ ቢሆን ኖሮ አንድም ሐኪም አይቸገርም ነበር። አሁን ከጓደኞቼ መካከል ሕክምና ያጠኑት የሚያወሩት ስለ ቪዛ ነው። ሐኪሙም እንደ ሠፈራችን ልጅ ሊሄድ ነው፤ በሚቀጥለው ወረርሽኝ ሰው አገር የሚቀረው እሱ፣ እዚህ ያለ ሐኪም የምትቀረው የእሱ እናት ናት።

የሠፈራችን ልጅ በ2013 ዓ.ም መጣች። እናቷን ለሰባት ወር አስታመመች። ከቀብሩ በኋላ አራት ወር እንኳ አልቆየችም፣ ሻርጃ ናት አሁን። ታናሽ ወንድሟ ስኳር አለበት።

እኔ የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። በኮሮና ጊዜ በየቀኑ ቁጥር ይነገረን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህል በጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ፣ ይህን ያህል አገገመ። ከሥራ ሁሉ አስፈትተን እንጠብቀው ነበር። ጤና ሚኒስቴር ያንኑ ለሌላውም ያድርገው፤ በየክልሉ ስንት የጽኑ ሕሙማን አልጋ አለ፣ ስንት የእጥበት ማሽን ይሠራል፣ ስንቱ ተበላሽቶ ቆሟል፣ የየትኛው ሆስፒታል ኦክስጅን አልቋል። በየቀኑም ባይሆን በየወሩ። ቅጹ እኮ አዲስ አይደለም፣ የሆነ ቢሮ የሆነ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል።