ተነሳሽነት የሚሉት ሰበብ፦ በባዕድ አገር የተጀመሩ የፈጠራ ሥራዎች ለምን አያልቁም?

በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን፣ በስቶክሆልምም ሆነ በዱባይ፣ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ውስጥ የማይቀር አንድ ንብረት አለ፤ ያላለቀ ሥራ። አንዱ ዘንድ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የቆመ ልብ ወለድ ይገኛል። ሌላው ዘንድ የአባትን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ተገዝቶ አሥር ገጽ ብቻ የተሞላ ደብተር አለ። ሌላዋ ቤት ደግሞ ከአልጋ ሥር የገባ ሸራ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አውታሩ የላላ ክራር አለ። ባለቤቶቹ ስለ ሥራው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «ተነሳሽነቱ ጠፋኝ።»

መልሱ ትሕትና ይመስላል። ይሁን እንጂ የተሳሳተ ነው፤ ከመሳሳትም አልፎ ይጎዳል። የተሳሳተ የሚሆነው የችግሩን ምንጭ ከሌለበት ስለሚፈልግ ነው። የሚጎዳው ደግሞ ባለቤቱ ራሱን «ሰነፍ» ብሎ እንዲፈርድና መፍትሔውን ከማይገኝበት ገበያ እንዲሸምት ስለሚያደርገው ነው። ያ ገበያ ዛሬ ደርቷል። የማነቃቂያ ንግግሮች፣ «ሕልምህን ኑር» የሚሉ ቪዲዮዎች፣ በየጥር ወሩ የሚገዙ የዕቅድ ደብተሮች፣ በስልክ ላይ የሚጫኑ መተግበሪያዎች፤ ሁሉም የሚሸጡት አንድ ዕቃ ነው፤ ፍላጎት። ፍላጎት ግን በመጀመሪያውም አልጎደለም። የ12 ሰዓት ፈረቃ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲነዳ ስላልጻፈው ምዕራፍ የሚቆጨው ሰው ፍላጎት አለው፤ ባይኖረው ኖሮ ባልቆጨው ነበር።

ክርክሩን ለመፍታት አንድ ንጽጽር ይበቃል። ይህ «ተነሳሽነት የጠፋው» ሰው በበረዶ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ሆስፒታል ይገባል፤ ታክሲውን ያወጣል፤ የመጋዘን ፈረቃውን ያከብራል። በደመወዝ ሥራው ላይ ስንፍናው የት ሄደ? ጠባዩ ያው ጠባይ፣ ድካሙም ያው ድካም ነው። የሚለየው በሥራው ዙሪያ የቆመው ሥርዓት ነው። የደመወዝ ሥራ አራት ነገሮች አሉት፤ የታወቀ ሰዓት፣ የሚጠብቅ ሰው፣ ቀነ ገደብ እና ሲቀር የሚከፈል ዋጋ። ልብ ወለዱ ከአራቱ አንዱም የለውም። ዛሬ ቢጻፍ የሚያመሰግን፣ ባይጻፍም የሚጠይቅ የለም። በባዕድ አገር የሚጻፍ የአማርኛ መጽሐፍ ገበያው ጠባብ በመሆኑ የገንዘብ ተስፋ እንኳ አይጎትተውም። እንዲህ ያለ ሥራ ቢቆም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቢያልቅ ነው ተአምር የሚሆነው።

ዛሬና ነገ ሲሟገቱ

የምጣኔ ሀብት ጥናት ይህን ጉዳይ ከሥነ ምግባር ስብከት ካወጣው ቆይቷል። ሪቻርድ ቴለር እና ኸርሽ ሸፍሪን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድን ሰው እንደ ሁለት ሰው አድርገው ተነተኑት፤ አንዱ ዐቃጅ፣ ሌላው አድራጊ። ዐቃጁ ዓመቱን ሙሉ ያያል፤ አድራጊው የዛሬዋን ማታ ብቻ ያያል። ዐቃጁ እሑድ ዕለት «ከነገ ጀምሮ በየቀኑ እጽፋለሁ» ይላል፤ ሰኞ ማታ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን የደከመው አድራጊ ነው። የማነቃቂያ ንግግር የሚያናግረው ዐቃጁን ነው፤ እርሱ ደግሞ ቀድሞውኑ ተስማምቷል። ያልተስማማውን አድራጊ የሚያስገድድ ነገር ካልተዘጋጀ ስብከቱ ለአማኝ የሚሰበክ ስብከት ሆኖ ይቀራል።

ዐቃጁ ራሱም ቢሆን የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠይቀው ነበር። በአማካይ የገመቱት 34 ቀን ሲሆን የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ገደማ ነበር። እነዚህ ተማሪዎች አማካሪና የምረቃ ቀን ያላቸው ነበሩ። አማካሪም ምረቃም የሌለው ልብ ወለድ ጸሐፊ «በዚህ ክረምት እጨርሳለሁ» ሲል ግምቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ማሰብ አያዳግትም።

ታዲያ አድራጊውን ምን ያስገድደዋል? መልሱ ቀደም ብሎ ራስን ማሰር ነው። ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላን እና ዌስሊ ዪን በፊሊፒንስ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድ ባንክ ለደንበኞቹ ለየት ያለ የቁጠባ ሒሳብ አቀረበ። ገንዘቡ ደንበኛው ራሱ ከወሰነው ቀን ወይም መጠን በፊት አይወጣም፤ ተጨማሪ ወለድም አይከፈልበትም። በተራ ስሌት እንዲህ ያለውን ሒሳብ ማንም ሊመርጠው አይገባም ነበር። ሆኖም ከተጠየቁት 28 በመቶው ተቀበሉት፤ ሒሳቡ የቀረበላቸው ሰዎች ቁጠባም ካልቀረበላቸው ይልቅ በእጅጉ አደገ። ሰዎቹ የገዙት ገንዘብ አልነበረም፤ ከራሳቸው የሚጠብቃቸውን ቁልፍ ነበር። ሜሪ ኬይ ጉገርቲ ደግሞ በኬንያ የዕቁብ ዓይነት ማኅበራትን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣችው ጽሑፍ ርእሱ ራሱ መደምደሚያውን ይናገራል፤ ብቻን መቆጠብ አይቻልም ይላል።

የጨረሱት እንዴት ጨረሱ?

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሣው የተለመደ ክርክር «ኪነ ጥበብ ቁጠባ አይደለም፤ ስሜት ሲመጣ ነው የሚጻፈው» የሚል ነው። የጨረሱ ሰዎች ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም።

እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ባልደረባ ሆኖ ዕድሜውን ሲሠራ 47 ልብ ወለዶች ጻፈ። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 በታተመው ግለ ታሪኩ ምስጢሩን ያለ እፍረት ዘርዝሮታል። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ከጠረጴዛው ይቀመጣል፤ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃላት ከራሱ ይጠይቃል። ይበልጥ የሚያስተምረው ሌላው ነው። በማለዳ እንዲቀሰቅሰው ለአንድ አሽከሩ በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍል ነበር። ትሮሎፕ በፈቃዱ ብቻ አልተማመነም፤ የሚቀሰቅሰውን ሰው ቀጠረ። ቶኒ ሞሪሰን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን እ.ኤ.አ. በ1970 ስታሳትም የማተሚያ ድርጅት አርታኢ፣ ሁለት ልጆቿንም ብቻዋን የምታሳድግ እናት ነበረች። የምትጽፈው ጎሕ ሳይቀድ፣ ልጆቹ ሳይነቁ ነበር። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ ያበረከቱት ሐዲስ ዓለማየሁም ዕድሜያቸውን በዲፕሎማሲና በመንግሥት አገልግሎት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ሦስቱም ነፃ ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች አልነበሩም።

ከእነርሱም ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ከቅርብ ይገኛል፤ ከቅኔ ቤት። በኢትዮጵያ ምድር ከቅኔ የረቀቀ የፈጠራ ሥራ ይኖራል ብሎ የሚከራከር ጥቂት ነው። ይህ ረቂቅ ጥበብ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ግን ለስሜት መምጣትና መሄድ ቦታ የለውም። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። በየቀኑ ቅኔ ቆጠራ ይወጣል፤ የቆጠረውንም ተመልሶ ለሚሰማውና ለሚያርመው ሰው ይነግራል። ትንሽ መጠን፣ የተወሰነ ሰዓት፣ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ሥራ፣ ከሁሉም በላይ የሚጠብቅ ጆሮ። ዛሬ «የምርታማነት ሥርዓት» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ነገር በጎጃምና በጎንደር ጉባኤ ቤቶች የቆሎ ተማሪ በነፃ ሲማረው ኖሯል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም

እዚህ ላይ አንድ ልማድ በስሙ ሊጠራ ይገባል። በየድግሱ፣ በየቡናው፣ በየማኅበራዊ ገጹ «መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው» ብሎ ማወጅ ተለምዷል። አድማጩ ያደንቃል፤ «እግዚአብሔር ያስፈጽምህ» ይላል። በዚያች ቅጽበት አዋጁ ከመጽሐፉ ሊገኝ የሚችለውን ክብር በከፊል አስቀድሞ ይበላዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልቪትሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናትም የማንነት ግባቸው በሌሎች የታወቀላቸው ሰዎች ለዚያው ግብ የሚያደርጉት ጥረት ቀንሶ ተገኝቷል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ሥራን ደብቆ ብቻን መታገል ይሻላል ማለት አይደለም። ሐሳብን ማወጅና ገጽን ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አዋጅ ክብርን ያለ ሥራ ያስገኛል፤ ገጽ ማሳየት ግን ሥራ ሳይኖር አይቻልም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አድናቂ ሳይሆን «የዛሬው የታለ?» የሚሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

የፈጠራ ዕቁብ

እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚያሰባስብ ተቋም ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም። ኢትዮጵያውያን በሄዱበት ሁሉ ዕቁብን ይዘው ሄደዋል። ባንክ ብድር የነፈገው ሰው ታክሲ የገዛው፣ ሱቅ የከፈተው፣ ዘመድ ያስመጣው በዕቁብ ነው። ዕቁብ የሚሠራው አባላቱ ከሌላው የበለጠ ጨዋ ስለሆኑ አይደለም፤ ቀን፣ መጠን፣ ዳኛ እና ዋስ ስላለው ነው። ይኸው አጥር በፈጠራ ሥራ ዙሪያ ሊታጠር ይችላል።

አካሄዱ ቀላል ነው። ስድስት ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ፣ በአካል ወይም በስልክ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ የራሱን መጠን ራሱ ይወስናል፤ አራት ገጽ፣ አንድ ዜማ፣ አንድ ሥዕል። መጠኑ በደከመበት ሳምንት እንኳ የሚቻል መሆን አለበት። በየስብሰባው እያንዳንዱ 20 ዶላር ይጥላል፤ በ24 ስብሰባ ከስድስቱ 2,880 ዶላር ይጠራቀማል። ዕጣው የሚወጣው ግን ሥራውን ለጨረሰ ነው፤ የጨረሰ ሰው የዓመት ድርሻውን 480 ዶላር ቀድሞ አንሥቶ ለአርትዖት ወይም ለኅትመት መነሻ ያደርገዋል፤ ዋስ ጠርቶም ቀሪውን መጣሉን ይቀጥላል። ባዶ እጁን የመጣ አባል መቀጮ ይከፍላል፤ መቀጮውም ለጨረሱት ይከፋፈላል። ያልጨረሰ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ከመቀጮው የተረፈ ገንዘቡን ይወስዳል።

መቀጮው የግድ ነው። በገንዘብ ዕቁብ ያልከፈለ ሰው ባልደረባውን ይጎዳል፤ ስለዚህ ይጠየቃል። ገጽ ያላመጣ ሰው ግን ማንንም የጎዳ አይመስልም፤ ይሉኝታም «ተዉት፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ያሰኛል። ከይሉኝታ የተነሣ ያልተጠየቀ ሰው በሦስተኛው ስብሰባ ይቀራል፤ በስድስተኛው ማኅበሩ ይፈርሳል። ትንሽ መቀጮ ከትልቅ ይሉኝታ የተሻለ ወዳጅነት ነው።

መጠኑን ትንሽ ማድረግም ስሌት እንጂ ስንፍና አይደለም። በቀን 250 ቃላት፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት የጻፈ ሰው በዓመቱ 50,000 ቃላት አሉት። በገጽ 250 ቃላት ቢታሰብ 200 ገጽ መጽሐፍ ማለት ነው። «አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ እቀመጥና እጽፈዋለሁ» የሚለው ሰው ግን ያቺ አንድ ቀን ስትመጣ በልጅ ሕመም፣ በሠርግ፣ በለቅሶ ትወሰድበታለች።

«ጊዜ የለም» ለሚለው

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ሊቀለድበትም አይገባም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ፣ በካፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር ታስራ የምትሠራ ሴት ሰዓቷ የራሷ አይደለም፤ የራሷ ክፍልም ላይኖራት ይችላል። ሁለት ፈረቃ እየሠራ ለሦስት ቤተሰብ ገንዘብ የሚልክ ሰውም በቀን የሚተርፈው እንቅልፍ ብቻ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ችግሩ የሥርዓት ማጣት ሳይሆን የነፃነትና የገቢ ማጣት ነው፤ ዕቁብም አይፈታውም። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው የማነቃቂያው ገበያ በእነርሱ ላይ የሚፈጽመው ግፍ ነው። «የፈለገ ጊዜ አያጣም» የሚለው ንግግር ጊዜ የተቀማውን ሰው ያልፈለገ ሰው አድርጎ ይከሰዋል። ችግሩ ከሥርዓት መሆኑን ማመን ቢያንስ ይህን የሐሰት ክስ ያነሣላቸዋል።

የቀሩት፣ ማለትም በሳምንት አራት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ማግኘት የሚችሉት ብዙዎች ግን ከዚህ ሰበብ ጀርባ መቆም አይገባቸውም። ምክንያቱም የሚጠፋው የግል ሕልም ብቻ አይደለም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሱዳን በረሃ አቋርጦ፣ በጂቡቲና በኬንያ መጠለያ ኖሮ አዲስ አገር የደረሰው ትውልድ እያረጀ ነው። ከዚያ ትውልድ ብዙው ያየውን አልጻፈም፤ የጀመረውም አልጨረሰም። በየከተማው በየሳምንቱ ለቅሶ ሲደረስ ከሟቹ ጋር የሚቀበረው ማንም ሊደግመው የማይችል ምስክርነት ነው። በባዕድ አገር የተወለዱ ልጆች ደግሞ የወላጆቻቸውን ኑሮ የሚነግራቸው መጽሐፍ ቢፈልጉ የሚያገኙት ጥቂት ነው፤ መጽሐፉ በአጎታቸው መሳቢያ ውስጥ ምዕራፍ ሦስት ላይ ቆሟል።

ያ መጽሐፍ የሚፈልገው ሌላ ንግግር፣ ሌላ መተግበሪያ፣ ሌላ የጥር ወር መሐላ አይደለም። አምስት ሰዎች፣ አንድ ዳኛ፣ የታወቀች ማታ እና ባዶ እጅ የሚያስከፍል መቀጮ ነው። ተነሳሽነቱ ከሥራው በኋላ ይመጣል፤ ባይመጣም ቀጠሮው አይቀርም።