«እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!»

ጥላሁን ገሠሠ በተነሣ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይከተላል፤ «ወይ ድምፅ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!» ሬዲዮ ላይ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ እያደረገ ይለዋል። ዘፋኙን እንደማንም እወደዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ጠልቼዋለሁ። ምስጋና ይመስላል እንጂ ስንፍና ነው። እግዜር ከሰጠ እኛ ምን ቀረን? ማጨብጨብ ብቻ!

እስቲ ታሪኩን እንደገና እንየው። ጥላሁን በ1933 ዓ.ም. በመስቀል ቀን አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ አያቱ ዘንድ ያደገ ልጅ ነው። ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲገባ ሱዳናዊው ዳይሬክተር ሚስተር ሸዳድ ዝንባሌውን አዩለት፤ አዲስ አበባ ሂድ ብለውም መከሩት። የአገር ፍቅር ቴአትር ሰዎች ወሊሶ ለዝግጅት ሲመጡ ደግሞ ኢዮኤል ዮሐንስን አገኘ፤ እሱም ያንኑ ነገረው። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ በእግሩ ቱሉ ቦሎ ደረሰ። ወደ ወሊሶ ቢመለስም አላረፈም፤ ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ ሸገር ገባ።

የጭነት መኪናዋን ነገር ሁላችንም እንወዳታለን። ስንተርካት ዓይናችን እንባ ያቀራል። ይሁንና ልጁ ከመኪናዋ ሲወርድ ምን ጠበቀው? ጥያቄው ይሄ ነው። የጠበቀው በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ መድረክና ደመወዝ ያለው የአገር ፍቅር ነው። ቀጥሎም የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል፤ ማለትም ዩኒፎርም፣ የወር ደመወዝ፣ የነፋስ መሣሪያ፣ በየቀኑ ልምምድ፣ ዜማና ቅንብር የሚያሰናዱ እነ ሳህሌ ደጋጎ። ከዚያም ጀርባ ሌላ ታሪክ አለ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አሉ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አሉ፤ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ያስተማሩትና ያቀናበሩት ዘመዳቸው ነርሲስ አሉ። ጥላሁን አፉን ሲከፍት ከኋላው የሠላሳ ዓመት ደመወዝ፣ ኖታና ቁጣ ተደርድሮ ነበር። ይሄን ሁሉ ዘለን «ተፈጥሮ ነው» እንላለን!

ቤቱ ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ሲከሽፍ ክብር ዘበኛ ነበረና ጥላሁንም ታስሯል። ዘፋኝ ሁሉ ወታደር ይሁን የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ቤት ግን ቤት ነው።

ይሄን ሁሉ የማወራው የተወለድኩባትን ጢቾን እያሰብኩ ነው። ከአሰላ ወደ ምሥራቅ፣ ገብሱንና ስንዴውን እያቋረጣችሁ ትደርሱባታላችሁ፤ ድሮ የአውራጃ ከተማ ነበረች፣ ዛሬ የጠና ወረዳ መቀመጫ ናት። አርሲ ሲባል ለሁላችሁም የሚመጣላችሁ ሯጭ ነው፤ ልክ ናችሁ። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው ደራርቱ፣ በ1988 አትላንታ ላይ ማራቶኑን የወሰደችው ፋጡማ ሮባ፣ እነ ቀነኒሳ፣ እነ ጥሩነሽ የበቆጂ ፍሬ ናቸው። ፈረንጅ ይሄን ሲያይ «ከፍታው ነው፣ አየሩ ነው» ይላል። ያው የኛው «እግዜር ሲሰጥ» በሳይንስ ልብስ! ከፍታ ብቻውን ወርቅ የሚያመጣ ቢሆን ጢቾም ደጋ ናት፤ ጎረቤቷም ሁሉ ደጋ ነው። በቆጂ ላይ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ጠዋት ተነሥተው ልጆቹን የሚያስሮጡ፣ የሚቆጡ፣ የሚመርጡ። ልዩነቱ አንድ መምህር ነው።

ገብሱስ ቢሆን? በ1960ዎቹ በስዊድን ርዳታ «ካዱ» የሚባል ድርጅት አሰላ ተቀምጦ ለጭላሎ ገበሬ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የተሻሻለ ላም አቀረበ። የዚያን ጊዜ «አፈሩ ለም ስለሆነ ዝም ብለን እንየው» ያለ ሰው አልነበረም። ለላም ባለሙያ ስንልክ ለጉሮሮ ማን ላክን?

ባለፈው ወደ ጢቾ ብቅ ስል ሠርግ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚዘፍን አንድ ወጣት ሰማሁ። ከኋላው አንድ ኪቦርድ ብቻ፣ እሱም ከበሮውን ራሱ የሚመታ። ሲጨርስ «ጎበዝ ነህ፣ ድምፅ አለህ» አልኩት።

«አዎ ጋሼ፣ ሁሉም እንደዚያ ይሉኛል» አለኝ፤ «የት ልማር ስላቸው ነው ዝም የሚሉት።»

እኔም ለጊዜው ዝም አልኩ። ምን ልበለው? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የሠርግ ገንዘቡ ደግሞ ለቤት ኪራይ አይበቃም። ሙላቱ አስታጥቄ እንኳ ከጅማ ወጥቶ ዌልስ ተልኮ፣ ለንደንና ቦስተን ሙዚቃ ተምሮ ነው ሙላቱ የሆነው። ወላጆቹ ያሰቡለት ኢንጂነርነት ነበር አሉ፤ ደግ አደረገ።

«ዩትዩብ አለ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። አለ። ልጁም ዩትዩብ ላይ አለ። ነገር ግን ዩትዩብ የጭነት መኪናዋ ናት እንጂ አገር ፍቅር አይደለም። ልጁን ታደርሰዋለች፤ ሲወርድ ግን «ድምፅህ እዚህ ጋ ያዘንባል፣ ትንፋሽህን እንዲህ ያዝ» የሚለው ሰው የለም። ስለዚህ የዘንድሮውን ዘፈን ይገለብጣል፤ የዘንድሮው ደግሞ ያምናውን የገለበጠ ነው። እኛ «የዛሬ ልጆች ጣዕም የላቸውም» እያልን እናማቸዋለን።

ገንዘብ የለም አትበሉኝ። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ መንግሥታዊ ቀብር ተደርጎለት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ይገባዋል፤ ከዚያም በላይ ይገባዋል። ለቀብር የተገኘው ሰልፈኛ፣ ባንድና በጀት ግን ለልጅነት ሲሆን ይጠፋል። የምጠይቀው ሐውልት አይደለም። ለጢቾ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የሙዚቃ መምህር፣ ስድስት ያገለገሉም ቢሆኑ መሣሪያዎች፣ ከሰዓት በኋላ የሚከፈት አንድ ክፍል። ደመወዙም የአንድ የሂሳብ መምህር ያህል ይሁን። ወረዳው ይሄን በሚቀጥለው በጀት ያስገባ፤ ካላስገባም ለምን እንዳላስገባ ለልጁ ራሱ ይንገረው።