በደኅና ዘመን አንበጣን ስለ መጠበቅ

ነቢዩ ኢዩኤል በመጽሐፉ መጀመሪያ ተምችን፣ አንበጣን፣ ደጎብያንና ኩብኩባን በየስማቸው ለይቶ መጥራቱን ሊቃውንት ሁሉ ያውቁታል። ከመርማሪዎችም አንዳንዶቹ እነዚህን ስሞች የአንድ አንበጣ የልዩ ልዩ ዕድሜ ስሞች ናቸው ይላሉ። በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ ተምች ሌላ ትል መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ አንበጣን በየዕድሜው ለይቶ የማወቅ ነገር ግን እጅግ የሚጠቅም ነው፤ ክንፍ ያወጣውን መንጋ ማሳደድ ብዙ ገንዘብና ድካም ሲጠይቅ፣ ክንፍ ያላወጣውን ኩብኩባ በምድር ሲፈላ ማጥፋት ይቻላልና።

የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው ዝናብ ባራሰው አሸዋማ መሬት ውስጥ ነው። ዝናቡና ልምላሜው ከተመቸው በሦስት ወር ሃያ ዕጥፍ፣ በስድስት ወር አራት መቶ ዕጥፍ፣ በዘጠኝ ወርም ስምንት ሺህ ዕጥፍ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ሲኖር ከተራ ፌንጣ የማይለየው ይህ ፍጥረት፣ በጠባብ ስፍራ በተከማቸ ጊዜ ጠባዩም መልኩም ተለውጦ በመንጋ ይነሣል። በአንድ ካሬ ኪሎሜትር ላይ ያረፈ መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖርበት ይችላል፤ በአንድ ቀን የሚበላውም ለ35 ሺህ ሰው ከሚበቃው ምግብ ጋር የሚተካከል ነው። ነፋስ ሲረዳውም በቀን እስከ 150 ኪሎሜትር ይጓዛል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ወደ ኢትዮጵያ የገባው አንበጣ በድንገት የተፈጠረ አልነበረም። በግንቦት 2010 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ሩብ አል ካሊ በሚባለው በዐረብ ምድረ በዳ ላይ ብዙ ዝናብ ጣሉ። በዚያ ሰው በማይኖርበት አሸዋ አንበጣው ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያም ጦርነት ወዳለበት ወደ የመን ወርዶ ጠባቂ በማጣቱ የበለጠ በዛ፤ ባሕሩንም ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ለእነዚህ ለሁለቱ አገሮች በ25 ዓመት፣ ጥቂት ቈይቶ ለደረሰባት ለኬንያ ደግሞ በ70 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረራ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. በገና ሰሞን በድሬዳዋ ሰማይ ላይ የነበረው መንጋ ከብዛቱ የተነሣ የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፍ ተስኖት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተገደደ።

ከሁሉ የከፋው ግን በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የደረሰው ነው። መንጋው ከአፋር ቆላ ተነሥቶ ወደ ወሎና ወደ ራያ ሲወጣ፣ ጤፉና ማሽላው ለማጭድ ተቃርቦ ነበር። ገበሬው ከነቤተ ሰቡ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳ እየመታ፣ ጨርቅ እያውለበለበ ሊከላከል ሞከረ። ይህም ሥራ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሆኖም በጩኸት የተነሣ አንበጣ ከጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል እንጂ አይሞትም። በጥቅምት መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የቅኝቱ ሥራ በዚያ ተቋረጠ፤ አንበጣ ግን የሰውን ጠብ አይጠብቅም።

እንግዲህ ጤፍ ላይ የደረሰውን አንበጣ ለማጥፋት የሚወጣው ገንዘብ ዘግይቶ የወጣ ገንዘብ ነው። ውጊያው የሚገባው በአፋርና በሶማሌ ቆላ፣ ኩብኩባው ገና በእግሩ ሲሄድ ነው። በሰማይ ላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች የዘነበበትንና የለመለመበትን ስፍራ ያሳያሉ፤ እንቁላሉንና ኩብኩባውን ግን አያሳዩም። በስፍራው ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚያየው ግመሉን የሚከተለው አርብቶ አደር ነው። የእርሱን ወሬ ሰምቶ በማግሥቱ ሰው የሚልክ የወረዳ ሹም ከብዙ የርጭት በርሜል ይበልጣል። ወሬውን ተቀብሎ በመዝገብ ውስጥ የሚያሳድር ሹም ግን ለአንበጣው ቀን ይሰጠዋል።

አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ውል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት አገሮች በማኅበር እንዲጠብቁ የታሰበ ነበር፤ ነፍሳቱ ድንበር ስለማያውቅ አሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን አንበጣ በጠፋባቸው ዓመታት የሁሉ መንግሥት ልብ ይቀዘቅዛል፤ መዋጮው ይዘገያል፣ አውሮፕላኑ መለዋወጫ ያጣል፣ ልምድ ያለው ሠራተኛ በጡረታ ሲወጣ ተተኪው አይማርም።

ስለ መርጫውም መድኃኒት አንድ ነገር መነገር አለበት። ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ የተባሉት መርዞች አንበጣን እንደሚገድሉ ሁሉ ንብንም ይገድላሉ። ንብ ያለቀበት አገር ማሩን ብቻ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆነውን ሰምም ያጣል። ስለዚህ ርጭቱ ከመደረጉ አስቀድሞ የንብ ባለቤቶች ቀፎአቸውን እንዲዘጉ ወይም እንዲያርቁ፣ ከብትም በተረጨበት ሣር እንዳይሰማራ መለፈፍ ያስፈልጋል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሚነገረው የበለጠ ብዙ ሰው የሚሰማው ልፈፋ በገጠር ጥቂት ነውና፣ ካህናቱ በዚህ ሊረዱ ይችላሉ። በሶማሊያ በ2012 ዓ.ም. ሜታራይዚየም የተባለ ከሻጋታ የሚሠራ መድኃኒት በስፋት ተረጭቷል፤ ይህ አንበጣን ለመግደል ከሳምንት በላይ ስለሚፈጅ አዝመራ ላይ ለደረሰ መንጋ አይሆንም፤ በበረሃ ላለ ኩብኩባ ግን የተሻለ ነው፤ ንቡንም አይጎዳም።

ወረራው በ2014 ዓ.ም. ከረገበ ወዲህ የአንበጣ ነገር በጉባኤዎች ብዙም አይነሣም። በየዓመቱ በጀት ሲደለደል የቆላው ቅኝት ነዳጅና የቃኚዎቹ አበል ከሚቀነሱት ወጪዎች ጋር እንዳይደባለቅ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው የእርሻና የገንዘብ መሥሪያ ቤቶች ሹማምንት ከሐምሌ አስቀድመው ሊመክሩበት ይገባል።