1.3 ቢሊዮን ዶላሩ ማን ኪስ ገባ?

ዛሬ ስለ ፊልም ነው የማወራው። «ራሽን በተቀነሰበት ሰዓት መምህሩ የፊልም ወሬ አማረው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሡኝ፤ ራሽኑም ውስጥ አለ።

ሰሞኑን በየስልካችን አንድ ጽሑፍ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። «ዋካንዳን የሠሩት በእኛ መሬት ስም ነው፤ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ኪሳቸው ከተው ለእኛ ማሽላ ይቀንሱብናል» ይላል። እስከዚህ ድረስ ወሬ ነው፣ ያልፋል። ያሳሰበኝ ግን ስለ ራሽኑ በምናዘጋጀው ደብዳቤ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ይግባ ተብሎ መጠየቁ ነው። ደጋፊውም ብዙ ነው። እኔ አይግባ ከሚሉት ወገን ነኝ። ለምን እንደሆነ በስብሰባው ላይ በሦስት ደቂቃ ማስረዳት ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ እውነት የሆነውን ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ካፒቴን አሜሪካ፡ ሲቪል ዋር» ፊልም ላይ ለአፍታ ብልጭ የምትል ካርታ አለች። ዋካንዳ የተቀመጠችው በቱርካና ሐይቅ አካባቢ፣ ኬንያ፣ ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳና ደቡብ ሱዳን በሚቀራረቡበት ቦታ ነው። የእኛ ሠፈር ማለት ነው፣ ፈቅ ብሎ። እኛ ጀሪካን በምንደረድርበት ምድር የዓለምን ሀብታም አገር አስቀመጡበት። በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» ላይ ደግሞ ከንፈሩ ላይ ሸክላ ያደረገ፣ አረንጓዴ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ አለ። ሸክላው ከሙርሲና ከሱርማ የተወሰደ ነው (በእኛ አገር የሚያደርጉት ሴቶቹ ናቸው፣ ፊልሙ ላይ ወንዱ አደረገው፣ ይሁን)። የኦሞ ወንዝም ዞሮ ዞሮ የሚገባው እዚሁ ቱርካና ሐይቅ ነው። ስለዚህ «ከእኛ ወስደዋል» የሚል ሰው ዋሸ አልልም። ካሜራው ግን የተተከለው በአብዛኛው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ ውስጥ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን።

እኛ ፊልሙን ያየነው ካኩማ 1፣ ቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። መግቢያው 20 ሽልንግ። ጀነሬተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጠላትየው ሊወድቅ ሲል። ያ 20 ሽልንግ ፊልሙን በፍላሽ ካመጣው ልጅ አላለፈም። በ1.3 ቢሊዮኑ ውስጥ ከዚያ ቤት የገባች አንዲት ሽልንግ የለችም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ፎርም 3 ላይ የንግድ ሒሳብ የሚባል ምዕራፍ አለ፣ የገቢ ግብር ሁሉ ያለበት። ይህን ፊልም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። መሥሪያ ወጪ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በዓለም ዙሪያ የትኬት ሽያጭ 1,347 ሚሊዮን ገደማ። ትርፉ ስንት ነው? አንድ የደቡብ ሱዳን ልጅ እጁን ሳያወጣ «1,147!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ተስማማ። ጽሑፉን የላኩልኝ ሦስቱ ሰዎችም ይህንኑ ነበር የሚሉት።

ሲኒማ ቤቱስ? ትኬቱን የሚቆርጠው ሲኒማ ቤት ነው፤ ድርሻውን ሳያነሳ አይልክም። ከ1,347ቱ ውስጥ 700 ሚሊዮን ያህሉ ከአሜሪካና ካናዳ ነው የመጣው። እዚያ ስቱዲዮው በደምሳሳው ግማሹን ያገኛል (ለትልልቅ ፊልሞች ከግማሽም ይበልጣል፣ ለክፍሉ እንዲቀል ግማሽ አልኩ)። 350። ከሌላው ዓለም የመጣው 647 ነው። ከዚያ የሚደርሰው ወደ 40 ከመቶ ነው፤ ቻይናማ ለውጭ ስቱዲዮ የምትሰጠው 25 ከመቶ ብቻ ነው። 259 በሉት። ሲደመር 609። መሥሪያ ወጪው 200 ይቀነስ፣ 409። ማስታወቂያስ? እንዲህ ላለው ፊልም ከ100 እስከ 150 ሚሊዮን የሚሆን ገንዘብ ለማስታወቂያ ይወጣል፤ ያ ደግሞ በ200ው ውስጥ አይቆጠርም። 150 ቀነስን። ቀረ 259።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። በኋላ ከዲቪዲና ከቴሌቪዥን ሽያጭ ይገባል፣ ለተዋንያንና ለሌሎች ባለድርሻዎች ይወጣል። ዴድላይን የተባለው የሆሊውድ ዜና አውታር ይህን ሁሉ ደምሮና ቀንሶ የተጣራ ትርፉን ወደ 477 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን 1.3 ቢሊዮን አይደለም፤ ሢሶው ነው እንጂ። ይህ እንግዲህ እጅግ ከተሳካላቸው ፊልሞች አንዱ ነው።

ያልተሳካለትንም ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። በ2023 ከዚሁ ከማርቭል የወጣው «ዘ ማርቭልስ» በዓለም ዙሪያ 206 ሚሊዮን ያህል ሸጠ። የተሠራው ከ200 ሚሊዮን በላይ ወጥቶበት ነው። «ወጪውን መልሷል» አሉኝ ልጆቹ። እስኪ በግማሽ አስቡት፣ ማስታወቂያውንም ጨምሩበት። ያው የደቡብ ሱዳኑ ልጅ ራሱን ያዘ።

አትላንታ ብዬ አልነበር? ታላቅ እህቴ የምትኖረው እዚያው አጠገብ፣ ክላርክስተን ነው። በ2015 መጨረሻ ከዚህ የሄደች፣ ዶሮ ፋብሪካ የምትሠራ። በመጀመሪያው ዓመት በስልክ «በሰዓት 11 ዶላር» አለችኝ። እኔ ምን አደረግሁ? በ40 ሰዓት አባዛሁ፣ በ4 ሳምንት አባዛሁ፣ በሽልንግ መነዘርኩ፣ ወደ 176,000 መጣልኝ። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ለዘመድ ነገረች። በወሩ የአጎቴ ቤት ጣሪያ፣ የአክስቴ ልጅ የመንገድ ወጪ፣ የማን ሠርግ፣ ሁሉም እህቴ ላይ ተጫነ። 100 ዶላር ስትልክልኝ ተቀየምኳት፤ ሁለት ወር ስልኳን አላነሣሁም። በመጨረሻ ያለ አንዳች ቃል የቼኳን ፎቶ ላከችልኝ። የፌዴራል ግብር፣ የጆርጂያ ግብር፣ የጡረታው፣ የሕክምናው። ከሥሩ በእጇ የጻፈችው ደግሞ የቤት ኪራይ፣ ወደ ፋብሪካው የሚወስዳት መኪና፣ በየወሩ የምትከፍለው የአውሮፕላን ትኬቷ ብድር። አዎ፣ ወደ አሜሪካ የሄድንበት ትኬት በብድር ነው፣ ይመለሳል። ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ ሳስተምር የነበረው ከደመወዝ ላይ ግብር እንዴት እንደሚቀነስ ነበር። ይህን ሳልጨምር ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ እህቴ ግን ታነበዋለች።

ጆርጂያ ራሷ ደግሞ ግዛቱ ውስጥ ለሚሠራ ፊልም ከወጪው እስከ 30 ከመቶ በግብር ቅናሽ ትመልሳለች፤ 20ው በመሥራታቸው፣ 10ሩ በፊልሙ መጨረሻ የግዛቲቱን የኮክ ፍሬ ምልክት ስላሳዩ። ከእህቴ ቼክ ላይ ግብር የምትቀንሰውም ያችው ጆርጂያ ናት። ባለሥልጣኖቹ ሥራ ያመጣልናል ይላሉ። የስቱዲዮዎቹ ማኅበር እንዳለው «ብላክ ፓንተር» እዚያ ከ3,100 በላይ ሰው አሠርቶ 26.5 ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ ከፍሏል። ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 8,500 ዶላር ነው። ከ1,347 ሚሊዮኑ ጋር ካነጻጸራችሁት 2 ከመቶ አይሞላም። የሚያናድድ ነገር ከፈለጋችሁ ይኸኛው ቁጥር ይሻላል፤ ደብዳቤያችን ላይ ግን ይኸኛውም ቦታ የለውም።

ምክንያቱም ራሽኑን የቀነሰው ዲዝኒ አይደለም። የራሽኑ ገንዘብ የሚመጣው ከመንግሥታት በጀት ነው፣ የተቀነሰውም እዚያ ነው። ደብዳቤውን የሚቀበለው ሰው ጠረጴዛው ላይ መቶ ደብዳቤ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዋካንዳን ካየ ይስቅና ያስቀምጠዋል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን የሕፃናቱን ነገር አይደርስበትም። ይህን ቢሮ ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ነው። እኔ ኢንሴንቲቭ የሚከፈለኝ መምህር ነኝ፤ ደመወዝ አይባልም፣ ታውቃላችሁ። ያንን በተመለከተ የጻፍነው ማመልከቻ አንድ የተጋነነ ቁጥር ስለነበረበት ብቻ ሌላው ሁሉ «የተጋነነ» ተብሎ ተመለሰ።

እኛ መጠየቅ ያለብን ለፊልሙ የጠየቅነውን ነው። «ለስደተኛው ይህን ያህል ሚሊዮን ተሰጠ» ሲባል ያ የትኬት ሽያጩ ነው። መጓጓዣው፣ መጋዘኑ፣ ቢሮው፣ ደመወዙ ተቀንሶ ሳህን ላይ የደረሰው ስንት ነው? ሳህን ላይ የደረሰውን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በየወሩ እንመዝነዋለን። ለደብዳቤው የሚያስፈልገው ቁጥር እሱ ነው፣ በኪሎ፣ ወር በወር፣ በቤተሰብ ቁጥር።

ቅዳሜ ከሰዓት ረቂቁን እንደገና እናያለን፣ በተለመደው ቦታ። የራሽን ካርዳችሁን ያዙ። በስልክ የሚላከውን የምግብ ገንዘብ መልእክት ያላጠፋችሁም ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የቆየው መልእክት ይበልጥ ይጠቅመናል። ሚዛን ያለው ሰው ሚዛኑን ያምጣ። የእኔ ተማሪዎች ሠንጠረዡን ይሠሩታል፤ 1,147 ያለው ልጅ መደመሩን ራሱ ጠይቆ ወስዶታል።